ድሮን ‹‹ቤቱን›› ሲስት፦ ከመነሻው ርቆ ያረፈ ድሮን ስለሚያሳየው ያልተጠበቀ ጠባይ

ከአየር ላይ የሚቀረጽ ምስል ቀደም ሲል ሄሊኮፕተር መከራየት ለሚችል የቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም የፊልም ድርጅት ብቻ የተተወ ነበር። ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ፋንተም የሚባለውን አነስተኛ ድሮን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ዛሬ ሠርግ የሚቀርጸውም፣ ዘጋቢ ፊልም የሚሠራውም በቦርሳው ይዞት ይዞራል። እኛም የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገ የምንሠራበት መሣሪያ ነውና ከወዲሁ ልናውቀው ይገባል።

ችግሩ ግን ስለ ድሮን ስናወራ የምናወራው ስለ ካሜራው መሆኑ ነው። ስንት ፒክስል አለው፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል እንላለን። ድሮኑ ያለበትን ቦታ በምን እንደሚያውቅ፣ ‹‹ተመለስ›› ሲባል የት እንደሚመለስ የሚጠይቅ ብዙ የለም። በተለይ ከተነሣበት ቦታ ርቆ ካረፈ በኋላ እንደገና ሲነሣ ድሮኑ ‹‹አበደ››፣ ‹‹እምቢ አለ››፣ ‹‹ጂን ገባበት›› የሚባልበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ድሮኑ አብዛኛውን ጊዜ እንዳላበደ ነው። እንዲያውም እጅግ ታዛዥ ሆኖ ነው ጥፋት የሚያደርሰው፤ የሚታዘዘው ግን እኛ ሳናውቀው ለተመዘገበ ቁጥር ነው።

ለመሆኑ ድሮን ‹‹ቤት›› የሚለው ምንድን ነው?

ድሮን ያስነሣውን ሰው አያውቅም። የሚያውቀው ‹‹ሆም ፖይንት›› የሚባለውን፣ ማለትም በማስታወሻው የተመዘገበውን የመነሻ ነጥብ ነው። ይህም የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ነው፣ በቃ። ቁጥሩን የሚያገኘው ከጂፒኤስና ከመሰል የሳተላይት ሥርዓቶች ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሲቪል ተጠቃሚዎችን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባበት የነበረውን አሠራር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 እስካቆመበት ጊዜ ድረስ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ስሕተት ድሮንን ወደ ቤቱ መመለስ የሚታሰብ አልነበረም። አሁን ሰማዩ ክፍት ከሆነ ስሕተቱ በጥቂት ሜትሮች የሚቆጠር ነው።

ድሮኑ ስለ ራሱ የሚያውቃቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከፍታ ነው። በስክሪኑ ላይ ‹‹50 ሜትር›› ሲል ከባሕር ወለል በላይ ማለቱ አይደለም፤ ከሥሩ ካለው መሬት በላይ ማለቱም አይደለም። በአብዛኞቹ ድሮኖች ከተነሣበት ቦታ በላይ ማለቱ ነው። ይህን የሚለካው በዋናነት በአየር ግፊት መለኪያ ነው። ሌላው አቅጣጫ ነው፤ ይህን ደግሞ በኮምፓስ ያውቃል።

እንግዲህ ቤት፣ ዜሮ ከፍታና ሰሜን የድሮን የእምነት መሠረቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ሦስቱም ሞተር በሚነሣበት ጊዜ የሚመዘገቡ ወይም የሚታረሙ በመሆናቸው፣ ድሮኑ ሌላ ቦታ አርፎ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንደገና ሲነሣ ሦስቱም ሊለወጡ ይችላሉ። የማንጠብቀው ጠባይ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁሉም ድሮን አንድ ዓይነት አይደለም

ርቆ ያረፈ ድሮን እንደገና ሲነሣ የትኛውን ‹‹ቤት›› ይይዛል? መልሱ እንደ ድሮኑ ይለያያል። በገበያ ላይ የተለመዱት የዲጄአይ ድሮኖች የሳተላይት ምልክቱ በቂ ከሆነ በተነሡ ቁጥር አዲሱን ቦታ ቤት ያደርጋሉ። ባለሙያዎች ራሳቸው በሚገጣጥሟቸው ድሮኖች ላይ የሚጫነው አርዱፓይለት የተባለው ሶፍትዌርም ሞተሩ ለበረራ በተዘጋጀ ቁጥር ቤቱን ያድሳል። አይናቭ የሚባለው ሶፍትዌር ግን ካልነካነው በስተቀር ቤቱን የሚመዘግበው ባትሪ ከተሰካ በኋላ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ቦታ ቢያርፍና ቢነሣ ቤቱ ያው የመጀመሪያው ነው። ከፈለግን በየጊዜው እንዲታደስ፣ ወይም ጨርሶ እንዳይታደስ አድርገን ልናስተካክለው እንችላለን።

ስለዚህ በአንዱ ድሮን የለመደ ሰው ሌላውን ሲይዝ ልምዱ ራሱ ሊያሳስተው ይችላል። የተዋሱትን ድሮን ከማስነሣት በፊት ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

የሚታዩ ጠባዮችና ምክንያታቸው

1. ወደ እኛ እየመጣ ሳለ ድንገት ዞሮ ይሄዳል

ከአንድ ገደል ወዲህ ማዶ ቆመን ድሮናችንን 800 ሜትር ርቆ በሚገኝ ማዶ ሜዳ ላይ አሳረፍነው እንበል። ባትሪ ለመቆጠብ፣ ወይም ነፋሱ እስኪበርድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አስነሣነውና ወደ እኛ እናመጣው ጀመር። መንገድ ከአጋመሰ በኋላ ስክሪኑ ‹‹ባትሪ እያለቀ ስለሆነ ወደ ቤት ልመለስ ነው›› ይልና መቁጠር ይጀምራል። እኛ ደስ ይለናል፤ ‹‹ጎበዝ፣ ና!›› እንላለን። ድሮኑ ግን ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ማዶ ይነጉዳል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁለተኛው መነሻው ማዶ ያለው ሜዳ ስለሆነ ቤቱ እዚያ ነው። ወደ እኛ መምጣቱን ከቤት እንደ መራቅ ነው የሚቆጥረው። የባትሪ ስሌቱም የሚሠራው በዚያ ቤት ርቀት ነው። የሬዲዮ ግንኙነት ቢቋረጥም ወደዚያው ይመለሳል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ቆጠራው ሳያልቅ ‹‹ሰርዝ›› የሚለውን መጫንና በእጅ ማምጣት አንዱ ሲሆን፣ ይህ የሚሠራው ባትሪው እኛ ጋ ለመድረስ የሚበቃ ከሆነ ብቻ ነው። የተሻለው ግን ከማዶ እንደተነሣ ወዲያው ሆም ፖይንቱን ሪሞቱ ወዳለበት ቦታ ማዛወር ነው። ብዙ ድሮኖች በአፑ ውስጥ ይህ ምርጫ አላቸው። ባትሪው ለማረፍ ብቻ የሚበቃበት ደረጃ ላይ ሲደርስ የሚጀመረው የግዴታ ማረፍ ግን በዲጄአይ ድሮኖች እንደማይሰረዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ያኔ የሚቻለው እየወረደ ሳለ ወደ ጎን እየገፉ ደኅና ቦታ መፈለግ ብቻ ነው።

2. ‹‹ተመለስ›› ሲባል እዚያው ይወርዳል

ይህም የመጀመሪያው ወንድም ነው። ከማዶ አስነሥተነው ገና ሳይርቅ የመመለሻውን ቁልፍ ብንጫን ብዙ ድሮኖች ቤታቸው ከሥራቸው ስለሆነ ከፍ ሳይሉ በቀጥታ ያርፋሉ። በስንት ሜትር ውስጥ እንዲህ እንደሚያደርጉ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል። እንግዲህ ከሥሩ ሜዳ ከነበረ ምንም አይደል፤ ወንዝ ወይም ሰው ካለ ግን ሌላ ነገር ነው።

3. ማንም ወደማያውቀው ቦታ ይሄዳል

ድሮኑ ያረፈው በዛፍ ጥላ ሥር፣ በሁለት ፎቆች መካከል ወይም በገደል ግድግዳ አጠገብ ከነበረ ሰማዩ ግማሹ ተሸፍኖበታል። ቦታን በሦስት አቅጣጫ ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልጋል፤ ለአስተማማኝ በረራ ደግሞ ከዚያ በጣም የሚበልጥ። ቁጥሩ ሳይሞላ ከተነሣ ቤቱን ሳይመዘግብ ይበራል። ከዛፉ ወጥቶ ሰማዩ ሲከፈትለት፣ ያኔ ባለበት ቦታ ‹‹ቤቴ ይኸው›› ይላል። ያ ቦታ የወንዝ መሐል ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ‹‹ሆም ፖይንት ተመዝግቧል›› የሚለው መልእክት እስኪመጣ መታገስ፣ ከመጣም በኋላ በካርታው ላይ የት እንዳረፈ ማየት የግድ ነው።

በጣና ሐይቅ ላይ ከጀልባ ሆኖ ገዳማቱን ለመቅረጽ የሚያስብ ሰው ይህን በተለይ ልብ ይበል። ጀልባው ይሄዳል፤ ቤቱ ግን ጀልባው የነበረበት ውኃ ላይ ይቀራል። ‹‹ተመለስ›› ብሎ ማዘዝ ማለት ሐይቅ ውስጥ ግባ ብሎ ማዘዝ ነው። በዚያ ላይ ከሥሩ ያሉት ሴንሰሮች በሚያንጸባርቅ ውኃ ላይ በቀላሉ ይታለላሉ።

4. ከፍ ማለት ሲገባው ወደ ገደሉ ይበራል

ይህ ከሁሉም ይከፋል፤ ሒሳቡን አንድ በአንድ እንየው። ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቆመናል። የመመለሻ ከፍታውን 40 ሜትር አድርገነዋል። ከአፋፉ ስንነሣ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ድሮኑን ዝቅ አድርገን 90 ሜትር ከእኛ በታች ባለ እርከን ላይ አሳረፍነውና እንደገና አስነሣነው። አሁን ዜሮው እርከኑ ነው። ከላይ የተማርነውን መፍትሔ ተጠቅመን ሆም ፖይንቱን ወደ እኛ አዛወርንና ‹‹ተመለስ›› አልነው። ድሮኑ ከእርከኑ በላይ 40 ሜትር ይወጣል። ከእኛ አንጻር ሲታይ ገና 50 ሜትር በታች ነው ማለት ነው። ከዚያም በቀጥታ ወደ እኛ ሲመጣ በመሐል ያለው የገደሉ ግድግዳ ነው። ከፊት መሰናክል የሚያይ ሴንሰር ከሌለው፣ ወይም ጨለማ ሆኖ ሴንሰሩ ካላየ፣ መጨረሻው ይታወቃል።

ስለዚህ ዝቅ ካለ ቦታ ሲነሡ የከፍታውን ልዩነት መደመር ያስፈልጋል። በዚህ ምሳሌ 90 ሜትር ሲደመር የደኅንነት ትርፍ መሆን ነበረበት። አርዱፓይለት የተጫነበት ባለ ብዙ ፕሮፔለር ድሮን ካልተለወጠ በስተቀር የመመለሻ ከፍታው 15 ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ለሜዳ እንጂ ለእንደኛ አገር ተራራና ሸለቆ የታሰበ አይደለም።

ሌላም አለ። የአየር ግፊት በቀን ውስጥ ይለዋወጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ የ1 ሄክቶፓስካል ለውጥ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት ይመስላል። ዜሮውን በየጊዜው የማያድስ ድሮን ለሰዓታት አርፎ ቢነሣ መሬት ላይ ቆሞ እንኳ ‹‹10 ሜትር ላይ ነኝ›› ሊል ይችላል።

5. እየሰፋ በሚሄድ ክብ ይዞራል

ድሮኑ ባለበት መቆም አቅቶት እየዞረ ክቡን የሚያሰፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮምፓሱ ነው። ሳተላይቱ ‹‹ወደ ምሥራቅ ተንሸራተሃል›› ይለዋል፤ እሱ ሊታረም ሲሞክር የተሳሳተ ሰሜን ስለያዘ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። እንደገና ይታረማል፣ እንደገና ይስታል።

ምክንያቱን ያረፈበት ቦታ ላይ መፈለግ ነው። የመኪና ጣሪያ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ብረት የበዛበት የኮንክሪት ወለል፣ የብረት ጀልባ ኮምፓስን ያሳስታሉ። ከብረቱ ላይ ሲነሣ የተያዘው ስሕተት አየር ላይ ሆኖ ይገለጣል። መፍትሔው ካሊብሬት ማድረግ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ብረት አጠገብ ሆኖ ካሊብሬት ማድረግ ስሕተቱን ማጽደቅ ነው። መጀመሪያ ቦታ መቀየር ይቀድማል። በአንዳንድ የዲጄአይ መመሪያዎች መጨረሻ ከበረረበት ቦታ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሲሄድ ወይም ከ30 ቀን በላይ ሳይበር ሲቆይ ካሊብሬት እንዲደረግ ይመከራል።

6. ከነጭራሹ አይነሣም

ሞተሩ እምቢ ካለ ስክሪኑ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን ይናገራል። ያረፈበት ቦታ ዘንበል ያለ ሊሆን ይችላል። ፕሮፔለሩን ሣር ይዞት ይሆናል። ባትሪው ከሚፈቀደው በታች ወርዷል፣ ወይም ድሮኑ እንዳይበር በተከለከለ ክልል ውስጥ አርፏል። በደጋ አገር ደግሞ የአየሩ መሳሳት አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ፕሮፔለሩ በዚያው ልክ በፍጥነት መሽከርከር አለበት፣ ባትሪም ይበላል። ሚኒ 2 የተባለው ድሮን የተፈቀደለት ጣሪያ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀን አናት ላይ አርፎ እንዲነሣ መጠበቅ ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው።

ግንኙነቱ ተቋርጦ የማይነሣ ከሆነም የሬዲዮ ሞገድን አሠራር ማስታወስ ነው። ድሮኑ መሬት ላይ ሲያርፍ በእሱና በሪሞቱ መካከል ጉብታ ይገባል። ሪሞቱን የያዘው ሰው ከፍ ወዳለ ቦታ ቢወጣ ግንኙነቱ ሊመለስ ይችላል። ካልተመለሰ በአፑ ካርታ ላይ የቀረውን የመጨረሻ ቦታ ይዞ በእግር መሄድ ነው።

በአየር ላይ ችግር ሲፈጠር ምን ይደረግ?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ድሮን አየር ላይ ሆኖ ግን ሥሩን ለመፈለግ ጊዜ የለም፤ መጀመሪያ ማረጋጋት ነው የሚቀድመው። ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ነው።

ሀ. ራሱ እየተመለሰ ከሆነ ‹‹ሰርዝ›› ማለት። እጅን ከመሪው ማንሣት ብቻውን መመለሱን አያስቆመውም።

ለ. ከሰረዙ በኋላ እጅን ማንሣት። ሳተላይቱና ኮምፓሱ ደኅና ከሆኑ ድሮኑ ባለበት ይቆማል። ከቆመ ችግሩ የቤቱ ነው፤ ካርታውን ማየትና ሆም ፖይንቱን ማረም ይቻላል።

ሐ. ካልቆመና ክብ እየሠራ ከሆነ ችግሩ የኮምፓስ ነው። እንደገና ‹‹ተመለስ›› ማለት አያዋጣም፤ ያንኑ የተሳሳተ ሰሜን ይዞ ነውና የሚሄደው። ሰው የሌለበት ቦታ ፈልጎ ቶሎ ማሳረፍ ነው።

መ. ካረፈ በኋላ ባትሪውን ከመንቀል በፊት ስክሪኑን ፎቶ ማንሣት። የሆም ፖይንቱ ቦታ፣ የሳተላይቱ ብዛት፣ የባትሪው መጠንና የወጣው ማስጠንቀቂያ በኋላ ምክንያቱን ለማወቅ ያስፈልጋሉ። በአፑ ውስጥ የሚቀረው የበረራ መዝገብም ይህንኑ ይነግረናል።

ከሁለተኛው መነሣት በፊት

በእኔ አስተያየት ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ምርመራ የሚቀሩ ናቸው። ድሮን ርቆ አርፎ እንደገና ከመነሣቱ በፊት አምስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል። አንደኛ፣ አሁን ቢነሣ ቤቱ የት ይሆናል? ሁለተኛ፣ ዜሮ ከፍታው ከእኔ በላይ ነው በታች? ሦስተኛ፣ ሰማዩ ክፍት ነው ወይ? አራተኛ፣ ከሥሩ ብረት አለ? አምስተኛ፣ የቀረው ባትሪ ቤት ለሚለው ቦታ ሳይሆን እኔ ላለሁበት ቦታ ይበቃል? መሄድ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሄዶ አንሥቶ ማምጣት አያሳፍርም፤ ፕሮፔለሩ መቀጠፉን፣ ካሜራው አፈር መንካቱን በዓይን ማየት የሚቻለው እንዲያ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ትክክል፣ ቦታው ግን ሌላ

በመጨረሻም ለእኛ ሙያ የቀረበ አንድ ነጥብ ላንሣ። አንዳንድ ጊዜ ሆም ፖይንቱ በትክክል ተመዝግቦም አደጋ ይፈጠራል። በጥምቀት ዋዜማ ታቦታት ወደ ጃን ሜዳ ከመድረሳቸው በፊት ባዶ ከነበረ ቦታ ድሮን ተነሣ እንበል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያ ቦታ በሰው ተሞልቷል። ድሮኑ ግን ምእመን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥሩን ነው። ባትሪው ሲያልቅ የሚወርደው በዚያ ቁጥር ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ እናት ልጇን አዝላ ቆማ ሊሆን ይችላል። የሚሽከረከር ፕሮፔለር የሕፃን ዓይን ቢነካ ‹‹መሣሪያው ነው›› የሚል መልስ ማንንም አያሳምንም። ፈቃድ አውጥቶ መብረር የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ፈቃድ ግን ከዚህ ዓይነቱ ኃላፊነት አያድንም። ሕዝብ በሚሰበሰብበት አካባቢ ከሰው የራቀና የታጠረ መነሻ ማዘጋጀት፣ በመነሻው ላይ ሌላ ሰው ማቆም ያስፈልጋል።

በክፍል ውስጥ አንድ መረጃ ትናንት እውነት ስለነበረ ብቻ ዛሬም እውነት ነው ብለን እንዳንጽፍ እንማራለን። አድራሻ ይለወጣል፣ ሥልጣን ይለወጣል፣ የሟቾች ቁጥር ይለወጣል። ድሮንም እንደ ሰነፍ ዘጋቢ ነው፤ አንድ ጊዜ የመዘገበውን ይዞ ሳያጣራ ይሄዳል። የማጣራቱ ሥራ የእሱ አይደለም፣ ሪሞቱን የያዘው ሰው ነው።